በእርሳስ የተሰመረችው ዓምድ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መሐንዲስ ደወለችልኝ። ሥራ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። በአንድ ከተማ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ዲዛይን ላይ መድበዋታል። ስለ ጠርዝ ድንጋይ ከፍታ አንድ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ልትዘጋ ስትል፣ እግረ መንገዷን፣ «ጋሼ፣ በእናንተ ጊዜ እግረኛ ይቆጠር ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ... ጋሼ?» አለች። «አይ፣ አይቆጠርም ነበር» ብያት ተሰነባበትን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለልጅቷ የነገርኳት እውነቱን ሙሉ አልነበረም። አንድ ጊዜ ተቆጥሮ ያውቃል። የቆጠረችው የቀን ሠራተኛ የሆነች ልጅ ነበረች። የቆጠረችውን ያስጠፋኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን ጉዳይ እስከ ዛሬ ለሚስቴ እንኳ በደንብ ተናግሬው አላውቅም።

ስለዚህ ልጻፍላችሁ። መንገድ ለምትነድፉ፣ ከተማ ለምታቅዱ፣ ጤና ጣቢያ ለምትሠሩ፣ ወይም ዝም ብላችሁ በየቀኑ በእግራችሁ ለምትመላለሱ።

1993 ዓ.ም. ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በምሠራበት አማካሪ ድርጅት ውስጥ የቡድን መሪ ሆኜ ተሹሜያለሁ፤ ፒክአፕ ከነሹፌሩ ተሰጥቶኛል። የደረሰኝ ሥራ ደግሞ ተወልጄ ባደግኩባት ከተማ ነበር። ከተማዋ እንደ ባሕር ዳርና እንደ ሐዋሳ ሜዳ ናት። ዳገት የሚባል ነገር የላትም። ከመናኸሪያው ተነስቶ በገበያው በኩል አልፎ እስከ ከተማው መውጫ የሚሄደው ዋና መንገድ ሊሰፋና አራት ሌን፣ ማለትም አራት የመኪና መስመር፣ ያለው አስፋልት ሊሆን ነው። ለእኔ ከዚህ በላይ ክብር አልነበረም። እናቴ ሰፈር መንገድ ልሠራ!

የመንገድ ሥራ በቆጠራ ይጀምራል። ላልሠራችሁበት ባጭሩ ልንገራችሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች በቀን ክፍያ ይቀጠራሉ። በየመስቀለኛው ቁጭ ብለው ያለፈውን ተሽከርካሪ ሁሉ ይመዘግባሉ። አንድ መኪና አንድ ጭረት ነው። አራቱ ጭረት ይቆማሉ፣ አምስተኛው ይጋደምባቸዋል፤ ያ አንድ እስር ይባላል። ወረቀቱ ላይ ዓምዶቹ ታትመው ነው የሚመጡት። የቤት መኪና፣ ላንድሮቨርና ፒክአፕ፣ ሚኒባስ፣ አውቶቡስ፣ ቀላል ጭነት፣ ከባድ ጭነት፣ ተሳቢ። ሰባት ዓምድ። ከዚያ ወረቀት ላይ የሚወጣው ቁጥር ነው መንገዱ ስንት ሌን እንደሚሆን፣ አስፋልቱም ምን ያህል እንደሚወፍር የሚወስነው። እዚያ ወረቀት ላይ የሌለ ነገር ሥዕሉም ላይ አይኖርም።

በገበያው ማዕዘን ላይ የተመደበችው ልጅ አሥራ ስምንት ወይም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ስሟ ጠፍቶብኛል። ብዙ ጊዜ ላስታውሰው ሞክሬያለሁ፣ አልመጣልኝም። መቀመጫ ስላልሰጠናት ጉልት ከምትቸረችር ሴትዮ ዱካ ተውሳ ነበር የምትቀመጠው። ጥቁር ጥላ ትከሻዋ ላይ አስደግፋ፣ ሰሌዳውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ወደ እኩለ ቀን ገደማ ልጎበኛት ሄድኩ። ሰሌዳውን ተቀብዬ ወረቀቱን አየሁ። ሰባቱ ዓምዶች አልፎ አልፎ ጭረት አለባቸው። በስተቀኝ ጠርዝ ላይ ግን ያልታተሙ ሁለት ዓምዶች አሉ። በእርሳስ ነው የተሰመሩት። ማስመሪያ ስላልነበራት በመታወቂያዋ ጠርዝ ነበር ያሰመረቻቸው፤ መሐል ላይ መስመሩ ተቋርጦ እንደገና ይቀጥላል። ከላይ በደቃቅ ጽሑፍ አንደኛው ላይ «በእግር»፣ ሁለተኛው ላይ «በሳይክል» ብላለች።

ልጆቼ፣ እነዚያን ሁለት ዓምዶች ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አያቸዋለሁ። እስር በእስር ላይ ተደርድሯል። ቦታው አልበቃ ብሎ ጭረቱ በወረቀቱ ግርጌ ዞሮ ጀርባው ላይ ወጥቷል። ጀርባውም ሞልቶ ከደብተሯ የገነጠለችውን ሉክ በስፒል አያይዛበታለች። መኪናው ገጹን ግማሽ እንኳ አልያዘም።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ሰዎቹ ናቸው» አለች።

«ሰው ቁጠሪ ያለሽ ማነው?»

«ማንም አላለኝም። መኪናው ቶሎ ቶሎ ስለማይመጣ ዝም ብዬ ከምውል ብዬ ነው።» ከዚያ ትንሽ ቆይታ ወደ ጉልቷ ሴትዮ በአገጯ እያመለከተች፣ «የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው። ገና ሳይነጋ ነው የመጡት» አለችኝ። እውነትም ጣቷን በመጀመሪያው ጭረት ላይ አስቀመጠችልኝ። ሴትዮዋ ቲማቲማቸውን እየደረደሩ ፈገግ አሉ።

ያኔ ነው የተናደድኩት። ለምን እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ቆጠራ ስመራ ያልታየኝን እሷ በሦስት ቀን አይታዋለች። ያኔ ግን እንዲህ አላሰብኩም። ለሥራው ክብር የማትሰጥ ልጅ መሰለችኝ። «መንገድ የሚሠራው ለተሽከርካሪ ነው። የታዘዝሽውን ቁጠሪ። ወረቀት አታበላሺ» አልኳት። እንድታጠፋው አዘዝኳት። እርሳሷን ገልብጣ በላጲሱ በኩል ማጥፋት ጀመረች። ቆማ ነበር የምታጠፋው። የላጲሱ ፍርፋሪ ቀሚሷ ላይ ሲረግፍ አየዋለሁ። የደብተሩን ሉክ እኔው ራሴ ቀደድኩት።

ሴትዮዋ ፈገግታቸው ጠፋ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቲማቲማቸውን እንደገና ከመጀመሪያው መደርደር ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሒሳብ ብቻ ነው። የመንገዱ ጠቅላላ ስፋት 20 ሜትር ነበር። አራት ሌን፣ እያንዳንዱ 3.5 ሜትር፣ 14 ሜትር ሆነ። መሐል አካፋይ 1 ሜትር። ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሜትር ቦይ፣ ክዳን የሌለው። ቀረ 3 ሜትር። ለሁለት ሲካፈል ለእግረኛ በእያንዳንዱ ጎን 1.5 ሜትር ደረሰው። በወረቀት ላይ ያምራል። ከዚያ የመብራት ምሰሶው መጣና እዚያው ላይ ቆመ። ምሰሶው ያለበትን ቦታ በኋላ በሜትር ስለካው 70 ሳንቲሜትር ነበር የተረፈው። ጃንጥላ የያዘ ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍበትም። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ጎን ለጎን ለመተላለፍ ብቻ 1.8 ሜትር ይፈልጋሉ።

መንገዱ በ1996 ዓ.ም. ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ፣ በሬ ታረደ። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መጥታ እልል አለች። ላገኘችው ሁሉ «ልጄ የሠራው ነው» ትል ነበር። እኔም ኮርቼ ነበር። ውሸት አልናገርም፣ በጣም ኮርቼ ነበር።

እናቴን ትንሽ ላስተዋውቃችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ በእግሯ የኖረች ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ኪዳን ለማድረስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ሃያ ደቂቃ መሄጃ፣ ሃያ ደቂቃ መመለሻ። ቅዳሜ ገበያ። ለቅሶ፣ ማኅበር፣ ዕቁብ፣ ሁሉም በእግር ነው። መንገድ ላይ ያላወራችው ሰው የለም። ስፖርት የሚለውን ቃል አንድ ቀን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ትራመድ ነበር።

አስፋልቱ ከመጣ በኋላ መኪናው ይበር ጀመር። ቀጥ ያለ፣ ሰፊ፣ አዲስ መንገድ ነዋ! ሹፌሩ ላይ አልፈርድም። እግሩን ነዳጅ ላይ እንዲጫን የጋበዝኩት እኔ ነኝ። እናቴ ለመሻገር ጠርዙ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ሁለት ሌን ታቋርጣለች፣ አካፋዩ ላይ ትቆማለች፣ እንደገና ትጠብቃለች። አንድ ጠዋት ከምሰሶው ጋር ላለመጋጨት ወደ አስፋልቱ ወረድ ስትል አንድ አይሱዙ ነጠላዋን ጫፉን ይዞ አለፈ። ወደቀች። የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሌላ አልሆነችም።

እጇ ዳነ። ፍርሃቱ ግን አልዳነም። ባጃጅ ወደ ከተማዋ ገብቶ ነበርና በባጃጅ መሄድ ጀመረች። ባጃጅ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በየቀኑ የነበረው ኪዳን በሳምንት ሆነ፣ ቀጥሎ በክብረ በዓል ብቻ ሆነ። ማኅበሩን ተወችው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ስኳርና ግፊት አለብሽ ተባለች። አዲስ አበባ አምጥቼ አሳከምኳት። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር። መድኃኒቱን አዘዘላትና፣ «እማማ፣ ከመድኃኒቱ እኩል የሚጠቅምዎት እግርዎ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ» አላት።

እናቴ ሐኪሙን አላየችውም። እኔን ነው ያየችው። «በየት በኩል ልጄ?» አለችኝ።

ልትወቅሰኝ አልነበረም። የምር ነበር የጠየቀችኝ። መንገድ የሚያውቀው ልጇ እኔ ነኛ!

ቤቷ ተመልሳ ግቢዋን መዞር ጀመረች። ትንሽ ግቢ ናት፣ ከኩሽናው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ሎሚ ዛፏ። ስንት ዙር እንደዞረች እንዳትረሳ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ በየዙሩ አንድ ፍሬ እየሳበች። ለዓመት በዓል ሄጄ በረንዳው ላይ ሆኜ አየኋት። እዚያው ቆሜ ገበያ ማዕዘን ላይ የነበረችው ልጅ ትዝ አለችኝ። ስኳሩን ያመጣው መንገዱ ነው አልልም፤ ዕድሜም አለ፣ ዘርም አለ። ግን ያ በየቀኑ የነበረው አርባ ደቂቃ የት እንደገባ አውቃለሁ። በ2006 ዓ.ም. አረፈች።

ይህን ያህል ስለ ራሴ ማውራቴን ይቅር በሉኝ። ወደ እናንተ ልምጣ።

አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። አካፍሉት። በቀን 30 ደቂቃ፣ አምስት ቀን። ከቤት እስከ ታክሲ ሰባት ስምንት ደቂቃ፣ ከታክሲ እስከ ሥራ ያንኑ ያህል፤ ማታ ደግሞ መልሱ። አለቀ። ጂምም አያስፈልግም፣ የስፖርት ጫማም አያስፈልግም። ስለዚህ መንገድ የሚነድፍ ሰው ሳያውቀው ሐኪም ነው። ወይም የሐኪም ሥራ አብዢ ነው።

ደግሞ የእኛ አገር ጉዳይ ከሌላው ይለያል። ሀብታሞቹ አገሮች ሰውን ከመኪናው ለማስወረድ ነው የሚደክሙት። እኛ ዘንድ ሰው በእግሩ ነው ያለው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። ይህ ሀብት ነው። ግን ሰው የሚራመደው ወዶ አይደለም። በጭስ መሐል፣ ክዳኑ በተሰረቀ ቦይ ላይ እየዘለለ፣ አሸዋና ድንጋይ የተቆለለበትን እግረኛ መንገድ ትቶ አስፋልት ላይ እየወረደ ነው። በከተማዋ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ስለዚህ ሰው ትንሽ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሸሸው ከእግር ጉዞ ነው። ማን ይፈርድበታል? ያን ጊዜ ነው ስኳርና ግፊት ቤቱን የሚያንኳኩት።

ነገር ግን እናንተም ላይ አንድ ነገር አለኝ። የዛሬ ልጆች መራመድ አትወዱም። ጎረቤቴ ያለ ጎረምሳ ከቤቱ እስከ ዋናው አስፋልት ያለችውን አጭር መንገድ ለመሄድ ራይድ ይጠራል። ማታ ደግሞ ከፍሎ ጂም ገብቶ ማሽን ላይ ይራመዳል። እኛ በዚያ ዕድሜያችን ሰፈር ለሰፈር ስንዞር ነበር የምንውለው። ሰው የምናውቀው፣ ሚስት የምናገኘው በመንገድ ላይ ነበር። ይህን ስጽፍ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔም ፒክአፑ ከተሰጠኝ ቀን ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ በእግሬ ቢሮ ሄጄ አላውቅም። እና ያ ጎረምሳ የሚያልፍበት መንገድ ማታ መብራት የለውም። እህቱ ባለፈው ዓመት ስልኳን ተነጥቃበታለች። እንዲህ ሲታሰብ ልጁ ልክ ነው።

ሳይክል አንስቼ ሳላወራ ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል። በልጅነቴ ከተማችን የሳይክል ከተማ ነበረች። አስተማሪው በሳይክል፣ የባንክ ሠራተኛው በሳይክል፣ ነርሷ በሳይክል። የሱሪያቸውን ጫፍ ካልሲያቸው ውስጥ ከተው ነበር የሚነዱት። እኔና ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ስሙኒ አዋጥተን ለግማሽ ሰዓት እንከራይ ነበር። እሱ ሩብ ሰዓት፣ እኔ ሩብ ሰዓት። አከራዩ ግድግዳው ላይ የሰቀላት ሰዓት ነበረችው። ወንድሜ ሁልጊዜ ያሳልፋል፤ እኔ ደግሞ ከጎኑ እየሮጥኩ «ሰዓትህ ሞልቷል!» እያልኩ እጮሃለሁ። ወንድሜ አሁን ውጭ አገር ነው ያለው። ስንደዋወል አሁንም ሰዓቴን አልመለሰልኝም።

እነዚያ ሳይክሎች በአንድ ቀን አልጠፉም። መንገዱ ሲሰፋ ለሳይክል የሚሆን ቦታ ግን አልነበረውም። በአንድ በኩል ጭነት መኪና፣ በሌላው በኩል ክፍት ቦይ። መጀመሪያ ሴቶቹ ተዉት፣ ቀጥሎ እናቶች ልጆቻቸውን ከለከሉ፣ መጨረሻ ላይ አከራዩ ሱቁን የሞባይል ካርድ መሸጫ አደረገው። ሰው «ሳይክል ፋሽኑ አለፈ» ይላል። ፋሽን አይደለም። ሥዕሉ ላይ አልነበረማ።

በሳይክል የምትታወቀውን አምስተርዳምን ስጠቅስ «እነሱ ዱሮም እንደዚያ ናቸው» የሚል መልስ ከብዙ ባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። አይደሉም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አምስተርዳምም በመኪና ተጨናንቃ ነበር። ብዙ ሕፃናት በመኪና ተገጭተው ሲሞቱ እናቶችና አባቶች መንገድ ላይ ወጥተው ጮኹ። ከዚያ በኋላ ነው የተለወጠችው። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ እሑድ እሑድ ዋና ዋና መንገዶቿን ለእግረኛና ለሳይክል መልቀቅ የጀመረችው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ኪጋሊ ደግሞ መንገድ በሚዘጋበት እሑድ ሰዉ ሲሮጥና ሲራመድ እዚያው ግፊቱንና ስኳሩን በነጻ ይለካለታል። እናቴ እዚያ ብትኖር ብዬ አስባለሁ። እኛም ዘንድ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በአዲስ አበባ ሲጀመር ሄጄ ነበር። ሕፃናት አስፋልቱ መሐል በጠመኔ ሲስሉ አየሁ። አንድ ሽማግሌ ልክ ሜዳ ላይ እንዳሉ ሁሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መሐል መንገድ ላይ ይንሸራሸሩ ነበር። አለቀስኩ። አንድ እሑድ ግን ለሰኞ አይበቃም። እናቴ የምትሻገረው ሰኞም ጭምር ነበር።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩትን እግረኛ መንገዶች ሄጄ ተራምጄባቸዋለሁ። ሰፊ ናቸው፣ መብራት አላቸው፣ የሳይክል መስመርም አላቸው። ማታ ማታ ቤተሰብ ከነልጁ ሲንሸራሸር ማየት ደስ ይላል። እኔ በሥራ ዘመኔ ያላደረግኩትን ነው የሠሩት፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ግን እዚያ ይኖር የነበረ ሰው ወደ ከተማው ዳር ከሄደ፣ በፊት በእግሩ ይደርስበት የነበረውን ሥራ አሁን በሁለት ታክሲ ነው የሚደርስበት። እግረኛ መንገዱ አምሮ የሚራመድበት ሰው ከራቀ ጤናው ከየት ይመጣል? ስለ እግረኛ ስታቅዱ ስለ ድንጋዩ ብቻ አታስቡ። ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ገበያውና ጤና ጣቢያው ምን ያህል እንደተቀራረቡም ጠይቁ። የአሥራ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ያለ ነገር ሰው በእግሩ ይሄድበታል። አንድ ሰዓት የሚርቀውን አይሄድበትም።

ምክር ልስጣችሁ ብል የሚበዛውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ዜብራ ይቀባ፣ መብራት ይተከል፣ ዛፍ ይተከል። ይህንን ዩኒቨርሲቲ አስተምሯችኋል። እኔ የምነግራችሁ ያላስተማሯችሁን ነው።

መንገድ ከመሳላችሁ በፊት አንዲት አሮጊት ይዛችሁ በቦታው ተራመዱ። የራሳችሁን አያት። የት እንደምትቆም፣ የት ትንፋሽ እንደሚያጥራት፣ የት ጥላ እንደምትፈልግ፣ የትኛው ጠርዝ ድንጋይ ላይ እጃችሁን እንደምትይዝ እዩ። ከየትኛውም ማኑዋል በላይ ያስተምራችኋል።

ሜትር በኪሳችሁ ያዙ። እግረኛ መንገድ ስትለኩ ከጠርዝ እስከ አጥር አትለኩ። ከምሰሶው እስከ አጥር፣ ከሊስትሮው ዱካ እስከ አጥር፣ ከቆመው መኪና እስከ አጥር ለኩ። ለሰው የደረሰው ያ ነው።

የእግረኛ ድልድይ ሲቀርብላችሁ ቶሎ አትፈርሙ። ሰው ደረጃ ወጥቶ ደረጃ ከሚወርድ አጥር ዘሎ መሻገርን ይመርጣል፤ በቀለበት መንገዱ ላይ በየቀኑ የምናየው ነው። ጉልበቷን የሚያማት ሴት፣ ተሽከርካሪ ወንበር ያለው ሰው፣ እንስራ የያዘች ልጅ ደግሞ ምርጫም የላቸውም። መኪናው ይቀንስ፣ ሰው በመሬት ይሻገር። አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ገዳይ አደጋ የመድረሱ ዕድል በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፤ ስብሰባ ላይ ይጠቅማችኋል።

ስለ ስብሰባ ካነሳሁ አይቀር። በየስብሰባው «ቦታ የለም» የሚል ሰው አይጠፋም። ያኔ እስኪርቢቶ አውጡ። አራት ሌን፣ 3.5 ሜትር። እያንዳንዱን ወደ 3.25 ብታወርዱት 1 ሜትር ተረፈ። ወደ 3 ሜትር ብታወርዱት 2 ሜትር ተረፈ። ለግራና ለቀኝ አንድ አንድ ሜትር ማለት ነው። በከተማ ውስጥ 3 ሜትር ሌን ላይ አውቶቡስም ያልፋል፤ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ እኛም የምንፈልገው ያንን ነው። የእናቴ 1.5 ሜትር 2.5 ይሆን ነበር። ይህን ሒሳብ የሠራሁት መንገዱ ከተመረቀ ከዓመታት በኋላ፣ ከሐኪም ቤት በተመለስኩበት ማታ፣ በመድኃኒቱ ካርቶን ጀርባ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ እጃችሁ ላይ ወረቀት አለ። መንግሥት ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚያገለግል የሞተር አልባ ትራንስፖርት፣ ማለትም የእግርና የሳይክል ጉዞ፣ ስትራቴጂ አውጥቷል። እኔ በሰነድ ብዙም አላምንም። በሥራ ዘመኔ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ሰነድ ብዙ አይቻለሁ። ቢሆንም አንብቡት፣ ይዛችሁት ስብሰባ ግቡ። እኔ በእናንተ ዕድሜ ለአለቃዬ «ለእግረኛ ቦታ ይተው» ብዬ የማሳየው መስመር አልነበረኝም። እናንተ አላችሁ። ከዚያም በላይ፣ ያቺ ልጅ ማንም ሳያዛት፣ አንድም ሰነድ ሳይኖራት አድርጋዋለች።

አሁን እሷ አርባዎቹን አጋምሳለች። ልጆች ይኖሯት ይሆናል። ምናልባት በዚያ መንገድ ላይ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ይሆናል፤ በ70 ሳንቲሜትሯ ላይ፣ ከኋላ ከኋላ እያስከተለቻቸው። ይህን ካነበብሽ፣ ያ በፒክአፕ የመጣው ሰውዬ እኔ ነኝ። አንቺ ልክ ነበርሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ለወጣቷ መሐንዲስ በማግስቱ መልሼ ደወልኩላት። የተረፈውን ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ በዚህኛው ተራ «ሃሎ?» ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ የእኔም ፎርም ላይ ዓምዱ የለም» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ከእሷ ጋር አንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ባለ ማዕዘን ላይ ተቀጣጥረናል። ዱካ ሁለት ከቤት ይዤ እሄዳለሁ። ማስመሪያም ገዝቻለሁ።